በካውያ የተተኮሰ ደብዳቤ

መጋቢት 21

ለእታለም፣ ለእናቴ እህት፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ደህና ሆነሽ፣ ቢቻል ደግሞ ተቀምጠሽ እንድታነቢው ምኞቴ ነው፤ ቆሞ ማንበብ ልማድሽ ነውና። እኔ ደህና ነኝ። ወንድሜ ደህና ነው። ሚስቱም ደህና ናት፤ እጇን ታጥባ ስለማትጨርስ ግን እንደምን አደርሽ ከተባባልን ሰንብተናል።

ወረቀቱ ስስ ነው፤ ነጥቦቹ ቢቀደዱብሽ ይቅር በዪኝ። የብሬል ሰሌዳውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በመርፌው እየወጋሁ ነው የምጽፍልሽ። በዚህ ቤት ብሬል የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም። አንቺ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልብስ አጣቢ ሆነሽ ስትቀጠሪ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ነጥቡን ከእኔ ጋር ባትማሪ ኖሮ ይህን ሁሉ የምነግርሽ በሰው እጅ ነበር። በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ለሰው ጆሮ ይስተካከላል።

በሽታው እዚህም ገባ። ባለፈው ማክሰኞ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል ኃላፊ እኔ ጥሪ ወደማገናኝበት ስልክ ቤት መጣ። ስልኩን ይዤ በተቀመጥኩባቸው አራት ዓመታት ሲመጣ ሁለተኛው ነው። ገባ እንኳ አይባልም፤ ከበሩ ነው ያናገረኝ። "እናንተ ማየት የተሳናችሁ በመዳሰስ ነው የምትሠሩት፤ ለጤናችሁ ስንል ቤት ብትሆኑ" አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ወለሉን የምትወለውለው ጽዳት ሠራተኛ ነን፤ እሷ ደግሞ ታያለች። "እናንተ" ሲለኝ ከኋላዬ ስንት ሰው እንደቆመ ልዳብስ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አነበበልኝ። ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሦስት ሳምንት ዕረፍት፣ እንደ ሁኔታው የሚራዘም። እስክሪብቶ ስጠኝና ልፈርም አልኩት። ጣት ይሻላል አለኝ። ፊርማ አለኝ፣ ዲግሪዬን የወሰድኩት ፈርሜ ነው አልኩት። ለእናንተ ደንቡ ጣት ነው አለ። አውራ ጣቴን በጓንት ይዞ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ አስጫነኝ። የጽዳቷ መወልወያ ቆሞ ነበር። ሲቆም ይሰማኛል። እሱ ከወጣ በኋላ ቀጠለች።

ቤት ውዬ ሰልችቶኛል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ እየተባልን አድገን አሁን ሰው ለሰው በሽታው ሆኗል። መንገድ የሚያሻግረኝ የባንኩ ዘበኛ ክርኑን መስጠት ትቶ ከማዶ "ግራ! ግራ!" እያለ ይጮህብኛል፤ እንደ መኪና ሊያቆመኝ። ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ሰዉ የሚቆምበትን ክብ በጠመኔ ሥለዋል አሉ። ክብ የሚረግጥ እግር አለኝ እንጂ ክብ የሚያይ እግር የለኝም። ትናንት አንዱ ጀርባ ላይ ወጣሁበት። ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት። የኔ ይሻል ነበር።

ገንዘብ አትላኪ፤ ደመወዜ አለ። ወፍራም ወረቀት ካገኘሽ ላኪልኝ። ድምፅሽን ደግሞ ላኪልኝ። ስልክ ከደወልሽ ወር አለፈ። እኛ ስልክ ቤት ደዋይ ዝም ሲል እስከ አስር ቆጥረን እንዘጋለን፤ ደንቡ ነው። ባንቺ ላይ ስንት እንደቆጠርኩ አልነግርሽም።

የእህትሽ ልጅ፣
"ዳኛ" ያልሽኝ


ሚያዝያ 16

ለዳኛዬ፣

ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ሳል ይጠብቅሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይቅናሽ። ደብዳቤሽ በሃያ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት።

እኔ ደህና ነኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው። ጠጋኙ ሱቁን ዘግቷል። ሲከፍት አሠርቼ እደውላለሁ፤ በዚህ አትዘኚ።

ሥራዬ በሰው አገር ያው ነው፤ የአረጋውያን ቤት። አልጋ አነጥፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ መዞር ያቃታቸውን አገላብጣለሁ። ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ አባት አሉ፤ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፣ ዓይናቸው በእርጅና ጠፍቷል። ድሮ ጠዋት ስገባ ፊቴን ዳብሰው ነበር የሚለዩኝ። አሁን ያለ ጓንት መንካት ተከልክሏል፤ ፊታችንም ተሸፍኗል። "ዛሬ ደግሞ የላስቲክ ሰው ማን ነው?" ይላሉ። እኔም የእጅ ሰዓቴን ጆሯቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ። ያ አንቺ ልጅ ሆነሽ የጣልሽው ሰዓት ነው፤ እስከ ዛሬ ምቱ ያነክሳል። "ይሄ አንካሳ ያንቺ ነው" ብለው ይስቃሉ። ብጠግንልሽ ደግሞ በምን አውቅሻለሁ ይላሉ።

ልጄ፣ ታገሺ። ክፉ ቀን ጎንበስ ብለው ያሳልፉታል። ደመወዝሽ እየመጣ ቤት መቀመጥ ስድብ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። የተነበበልሽን ወረቀት ቅጂ ሰጥተውሻል? እኔ ማንበብ ሳልማር ብዙ ወረቀት ላይ ጣቴን አስቀምጫለሁና ነው። የመጀመሪያውን ወር ተቀብለሽ እንደሆነም ጻፊልኝ።

ወፍራም ወረቀት አርባ ገጽ ልኬልሻለሁ። ለወንድምሽና ለምራታችን ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

አክስትሽ


ግንቦት 19

ለእታለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወረቀቱ ደረሰ፤ ይኸው እየወጋሁበት ነው። ደህና ወረቀት ነው።

ቅጂ አልሰጠኝም። ጥያቄሽን ሳነብ ተናድጄ ነበር። አሁን አልተናደድኩም። አሁን ምንም አይደለሁም።

የሚያዝያ ደመወዝ ሳይገባ ሲቀር በትሬን ይዤ ብቻዬን ሆስፒታሉ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፋይሌን አውጥታ ከመስታወቱ ኋላ አነበበችልኝ። "ከዚህ በታች የጣት አሻራዬ የሚገኘው እኔ፣ ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ።" ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት። ደገመች። አሁንም ድገሚልኝ አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችልኝ። አመሰግናለሁ ብያት ወጣሁ። አውራ ጣቴን እስከ ቤት ድረስ ጨብጬው ሄድኩ፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ እንደያዝኩ።

ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው የኃላፊው የወንድም ልጅ ናት። ወንበሬ በሰው መያዙን ያወቅሁት በመደወል ነው። ለምን እንደደወልኩም ልንገርሽ።

ሳቂታዋን ታስታውሻታለሽ፤ ትምህርት ቤት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ የነበረችውን፣ ቀሚሷን አንቺ ስታጥቢ ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ የምታገኚባትን። ሎተሪ አዟሪ ነበረች። በሽታው ከገባ ወዲህ ከእጇ ትኬት የሚቀበል አጣች። ረቡዕ ዕለት ደውላ ትንፋሽ አጠረኝ አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ፤ ሳቁ መሃል ላይ እየተቆረጠ።

ሆስፒታሉን ደወልኩ። ድንገተኛ ክፍል አገናኚኝ አልኳት። ልብስ ማጠቢያ አገናኘችኝ። እንደገና ደወልኩ። መድኃኒት ቤት ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አሥራ አራት ቁጥርን ተጫኚ አልኳት።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"የተቀመጥሽበት ወንበር ባለቤት ነኝ።"

አሥራ አራትን ተጫነች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ማንም አላስተማራትም።

አምቡላንስ መጣ። ሳቂታዋን አዩአት። ብቻዋን እንደምትኖርና እንደማታይ አወቁ። አስታማሚ ወደ ክፍል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያለ አስታማሚ ደግሞ የማታይ በሽተኛ ማን ያበላታል፣ ማን ሽንት ቤት ይወስዳታል አሉ። ክኒን ሰጥተዋት ሄዱ። በዚያ ሰዓት ስልኩን የያዝኩት እኔ ብሆን ኖሮ ተረኛውን ሐኪም በየትኛው ቁጥር እንደማገኘውና ምን ብዬው እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ይህን በራሴ ለመኩራት አልጻፍኩትም።

ቅዳሜ ሞተች። ለቀብር የተፈቀደው አሥር ሰው ነው። አሥራ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። ከአጥር ውጭ ቆሜ የአካፋውን ድምፅ ሰማሁ።

አላለቀስኩም። ምራታችን አልቅሺ ይወጣልሽ እያለች ከበሩ ማዶ ታለቅስልኛለች። ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን አለ ይባላል። እኔ የምሻው ወንበሬን ነው። ለሥራ ክርክር ቦርድ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ፈርሜበታለሁም።

ስልክሽ ተጠገነ?

የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 8

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ ስልሽ ለመጠየቅ ያህል አይደለም። እውነቴን ነው። ሰባት ሳምንት ሆነ፤ ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። ታመሽ ከሆነ ታመምኩ በዪ። ተቀይመሽ ከሆነም ተቀየምኩ በዪ። እኔ እንደ ሌላ ሰው ፊት አይቼ የምገምተው ነገር የለኝም።

ቦርዱ አንድ ጊዜ ሰማኝ። የጣት አሻራሽ ነው ወይ አሉኝ፤ ነው አልኩ። እንግዲያው ሌላ ነገር እንደተነበበልሽ የሚናገር ምስክር አምጪ አሉኝ። ምስክር አለኝ። ጽዳቷ።

ቤቷን አጠያይቄ ሄድኩ። በሩን በጣት ስፋት ከፍታ አናገረችኝ። ጆሮዬ ትንሽ ይደነቁራል፣ የሰማሁት ነገር የለም አለችኝ። መወልወያሽ ቆሞ ነበር አልኳት። ከውስጥ ድስት ይንተከተክ ነበር፤ እሱን ላማስል አለችና ዘጋች። ጆሮው የሚደነቁር ሰው የድስት መንተክተክ ይሰማዋል።

ኃላፊው ዋሸ። ዋሾ ቢያንስ የሚሠራውን ያውቃል። እሷ ግን የሰው ጣት ተይዞ ሲጫን ቆማ አየች፤ ከዚያ ወለሏን ቀጠለች። ከሁለቱ የቱ ይከፋል ብትዪኝ ወለሉን የቀጠለችው እልሻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ነቅዟል፤ እኔ ሸትቶኛል።

አንቺ ብትሆኚ ዝም እንደማትዪ ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ። የዶርሟ ሞግዚት በጥፊ የመታችኝ ቀን፣ አረፋ በእጅሽ ላይ እንዳለ ግቢውን አቋርጠሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ሳሙናው እስከ ዛሬ ይሸተኛል።

ገንዘብም ወረቀትም አልፈልግም። ሁለት መስመር ጻፊልኝ።

የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 29

ለዳኛዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ዛሬ ግን አላስረዝመውም። ከረዘመ የምጽፈውን እተወዋለሁ።

ስልኬ አልተበላሸም። በየካቲት መጨረሻ ታመምኩ። ሆስፒታል ገብቼ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አደረጉ። ሕይወቴን አተረፉልኝ፤ ድምፄ ግን ከቱቦው ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። አሁን የምናገረው በሹክሹክታ ነው፤ እሱም ወረቀት እንደሚቀደድ ነው። አንቺ በስልክ እህ ስል ብቻ ሰምተሽ ምሳ እንዳልበላሁ የምታውቂ ልጅ ነሽ። እንዴት ብዬ ልደውል?

ይህ ትንሹ ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ዘጠኝ ቁጥር ያሉት አባት ማሳል ጀመሩ። አለቃችን ወረቀት ይዛ መጣች። ቢብስባቸው ሆስፒታል እንዳይወሰዱ ራሳቸው መርጠዋል የሚል ወረቀት ነው። ሆስፒታሎቹ ሞልተዋል፤ የማያይና የማይሄድ ሽማግሌ ስናመጣ ይቆጡናል አለችኝ። ካንቺ በቀር ማንንም አያምኑምና አንቺ አስፈርሚያቸው አለችኝ። እሷ በሩ ላይ ቆመች።

ገባሁ። ሰዓቴን ጆሯቸው ላይ አደረግሁ። "አንካሳዋ መጣች" አሉ። እስክሪብቶውን እጃቸው ውስጥ አስገባሁ። "ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የምግብ ነው፤ ጨው እንዲቀንሱልዎ" አልኳቸው።

የት ልፈርም አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አደረግሁላቸው። ፈረሙ። ፊርማቸው እንዴት ያምር ነበር። በአራተኛው ቀን ሞቱ። ሆስፒታል ውሰዱኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ብለዋል። እኔ የጎረቤታቸውን አልጋ እያነጠፍኩ ነበር።

ስለ ጣትሽ የጻፍሽልኝን ያን ጊዜ አንብቤው ነበር። ቅጂ ሰጥተውሻል ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ አላወቅሁም አልልሽም። ሥራዬን ፈራሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ፈራሁ፣ ከበሽታ ገና መነሳቴ ነበር፣ አለቃዬ በር ላይ ቆማ ነበር። እነዚህን ሁሉ ሌሊት ሌሊት እደረድራቸዋለሁ፤ ሲነጋ አንዱም በቦታው የለም።

ሳቂታዋን ሳነብ የከረሜላዋ ወረቀት እጄ ላይ ተጣበቀ። ስለ ጽዳቷ የጻፍሽውን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ አነበብኩት።

ፍርዱ ያንቺ ነው።

አክስትሽ


መስከረም 9

ለእታለም፣

ደህና መሆንሽን ፖስታው ነገረኝ፤ አድራሻውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ብሎ ወንድሜ አረጋግጦልኛል። ከዚያ ያለፈ አላውቅም። ደብዳቤሽ በካውያ ተተኩሶ ነው የደረሰኝ።

ቀልድ አይደለም። ምራታችን ከውጭ የመጣ ወረቀት በሽታ ይይዛል መባሉን ሰምታ፣ በሽታውን ልትገድልልኝ ሁለቱንም ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ውሃ እየረጨች፣ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አድርጋ ተኮሰችው። ከዚያ እጥፍ አድርጋ፣ ገና እንደሞቀ፣ በኩራት ሰጠችኝ። "እንግዲህ ያለ ሐሳብ አንብቢው" አለችኝ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ለስላሳ ነበር። ከላይ እስከ ታች ለስላሳ። እንደዚያ የሚያምር ምንም ነገር ነክቼ አላውቅም።

ምን ሆንሽ አለችኝ። የሚነበበው እብጠቱ ነው አልኳት። ነገሩ ሲገባት ካውያውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልቆጣት ፈለግሁ፤ አንጀቴ ውስጥ የሚቆጣ ሰው አጣሁ። አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረን የምጽፈው ነገር እንዴት እንደሚነበብ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም አሳይቻት አላውቅም። አሁን በየቀኑ አምስት ፊደል አስተምራታለሁ። እጇን ስለማትነፍገኝ ለእኔም አልከፋም።

ካውያው ያልደረሰበት እጥፋት ላይ አንዲት ቃል ተርፋለች። "ጣታቸውን" ትላለች። የማንን ጣት ነው፣ እታለም? ደግመሽ ጻፊልኝ።

ሌላው ወሬ፤ ጽዳቷ መጣች። ደጃፍ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ "ሰምቻለሁ። ዕረፍት ነው ብሎ ነው ያነበበልሽ" አለችኝ። ስድስት ወር ምን ስትሠሪ ነበር አልኳት። "ሦስት አፍ አለብኝ እህቴ" አለችኝ። ይህን ቦርዱ ፊት ትናገሪያለሽ ወይ አልኳት። እናገራለሁ፣ አንቺ ግን ይቅር በዪኝ አለችኝ።

"ይቅርታው ይቆይሽ። መጀመሪያ ተናገሪ" አልኳት።

ጨካኝ ነሽ ትዪኝ ይሆናል። ቀጠሮው ጥቅምት 20 ነው።

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 6

ለዳኛዬ፣

ፈጣሪ በቀጠሮሽ ቀን ከፊትሽ ይቅደም።

ደብዳቤዬ መተኮሱን ሳነብ ሰማይ ራሱ ካውያ ይዞ የማረኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ደህና ነኝ፣ ስልኬን እያሠራሁ ነው ብዬ አዲስ ደብዳቤ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ከወጋሁ በኋላ ጽዳቷ ደጃፍሽ ላይ ስትተነፍስ ተሰማኝ። ቀደድኩት።

በተተኮሰው ደብዳቤ ላይ ብዙ ምክንያት ጽፌልሽ ነበር። ምክንያቱን ካውያው በላው፤ ደግ አደረገ። የቀረው ይህ ነው። በግንቦት ወር፣ ሆስፒታል እንዳይወሰዱ የሚል ወረቀት የምግብ ነው ብዬ ዋሽቼ ሰዓት ሠሪውን አባት አስፈረምኳቸው። ጣታቸውን ይዤ መስመሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ሞቱ። ያንቺን ጣት አውቅ ነበር።

ድምፅም የለኝም። በበሽታው ሄዷል። ያልደወልኩት ለዚህ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሴት ልጃቸውን አገኘኋትና በሹክሹክታ ነገርኳት። አንዴ ስላልሰማችኝ ሁለቴ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ስምሽን በወረቀት ጻፊልኝ አለችኝ። ጻፍኩላት። ማግስቱን ከሥራ ተሰናበትኩ። የስንብት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቤ ፈረምኩ።

ዝም ብትዪኝ ይገባኛል። ምራታችን ይህን እንዳትተኩሰው ንገሪያት።

አክስትሽ


ኅዳር 23

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ እብጠቱን ይዞ ደረሰ። ምራታችን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ እንቁላል አመጣችልኝ። የመጀመሪያውን መስመር እሷ ናት ያነበበችልኝ፤ "ፈጣሪ" ለማለት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ በታች ያለውን ብቻዬን አነበብኩ። ሳላነበው የቀረ ነጥብ የለም።

ለአሥራ ሁለት ቀን አልመለስኩልሽም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያሰብኩትን ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ደብዳቤሽን አወጣለሁ፣ "የምግብ ነው" የሚለውን ፈልጌ ጣቴን አስቀምጥበታለሁ። ከዚያ መልሼ አጥፈዋለሁ። እኔም ብሆን አምንሽ ነበር። እስክሪብቶ ብትሰጪኝ እኔም የት ልፈርም ነበር የምልሽ።

ጽዳቷ ተናገረች። ኃላፊው ስሟን እየጠራ ትዋሻለች አለ፤ ቃሏን ግን አልለወጠችም። ቦርዱ ክርክሩ እስኪያልቅ ወደ ሥራዬ እንድመለስ አዘዘ። ያለፈውን ደመወዝ ገና አልወሰኑም። እሷን ልብስ ማጠቢያ አዛወሯት። ይቅር አልኳት ወይ ብለሽ እንደሆን፣ አላልኳትም። ከትናንት በስቲያ ከልብስ ማጠቢያው ደውላ የሆነ ክፍል አገናኚኝ አለችኝ። ድምፅዋን አወቅሁ፤ እሷም እንዳወቅሁ አወቀች። አገናኘኋት።

ወንበሩን አስረዝመውታል፤ እግሬ መሬት አይነካም ነበር፣ መልሼ አወረድኩት። ከመነጋገሪያው የአልኮል ሽታ አይጠፋም። የኃላፊው የወንድም ልጅ ስትሄድ "አሥራ አራት ድንገተኛ ነው፣ አሁን አልረሳውም" ብላኛለች።

አንቺንም ይቅር አላልኩሽም። እንደማልልሽም አላውቅም። ዳኛ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ግን የስልክ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ማገናኘት ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበሬ ላይ ነኝ። ቁጥሩ አልተለወጠም። ደውዪ። "ሆስፒታል ነው፣ ወዴት ላገናኝዎ?" እላለሁ። የምትመልሺው እንደሌለሽ አውቃለሁ። ሰዓትሽን መነጋገሪያው ላይ አስጠጊው።

ደዋይ ዝም ሲል እስከ አስር ቆጥሬ እዘጋለሁ። ላንቺ አልቆጥርም።

የእህትሽ ልጅ